«ያው ነው» ባዩ ጠጋኝ

በኮተቤ ትምህርት ቤት ሳይገባ ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ሰው ብትፈልጉ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላ ካለ ይምጣና እንተያይ። ለመሆኑ «ያው ነው» የሚሉ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? ጎረቤቴ ጠጋኙ አበራ አንዱ ነው። ሾላ ገበያ በርበሬ የምትሸጠው የአስካለ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ሲበላሽ እሱ ጠገነላት። ሚዛኑ ግን የጎደለውን ኪሎ ሙሉ ነው ይል ጀመር፤ ደንበኞቿም ሌባ አሏት።

ሚዛኑን ወደ እኔ አመጣችው፤ ከፈትኩት። ልክ አምስት ቮልት መስጠት ያለበት የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ በሜትሬ ስለካው ከዚያ ያልፋል። ልኩን የሚወስኑት ሁለት ሬዚስተሮች ናቸው፤ አበራ አንዱን ከአሮጌ ራዲዮ ነቅሎ ነው ያስገባው።

«ጋሼ፣ ያው ነው እኮ» አለኝ።

«ለአንተ ያው ነው፤ ለእሷ ስሟ ነው።»

ልካቸው የማይዛነፍ ሬዚስተሮች ገዝቼ አስገባሁ። የእኔ ቮልትሜትር አሁንም ከአምስት በላይ አለ። ሦስት ጊዜ ቀያየርኩ፤ ወይ ፍንክች። አበራ የራሱን ቮልትሜትር አምጥቶ ለካው፤ ልክ አምስት።

«የእርስዎ ሜትር ባትሪው ደክሟል፣ ጋሼ» አለ፣ ሳይስቅ።

እንግዲህ በዚያ ሳምንት ያከናወንኩት ይህ ነው፦ ከጥገናው በኋላ ልኩ ሳይስተካከል የቀረውን የአስካለን ሚዛን ከብረት ኪሎዋ ጋር አስማማሁ፤ የሜትሬን ባትሪ ቀየርኩ፤ አበራንም በደንበኞቿ ፊት «ስለ ሜትሩ ልክ ነበርክ» አልኩት። የመጨረሻው ብቻውን ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።