ብድግ የሚለው ስልከኛ

ብልሽቱን ሳያይ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በደርግ ጊዜ ላሊበላ ስልክ ቤት ስሠራ ከተማው በሙሉ እንዲህ ነበር። መስመሩ ጎረምሳ ሲያወራበት ደህና ነው፤ ቄስ ወይም ሽማግሌ አፉን ሲከፍት ይቋረጣል። ካድሬው «የአድኃሪያን ሥራ ነው» አለ። ሌላው ነፋስ ነው አለ። ሄዶ ያየ ግን የለም፤ ማየት ክርክር ያበላሻላ።

አንድ ቀን መምሬ ካሳ ደሴ ሆስፒታል ምጥ የያዛት ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡ። «እንደምን አደራችሁ» እንዳሉ መስመሩ ጠፋ። ብንደጋግምም ያው ነው። እሳቸው በጭንቀት መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀሩ።

በማግስቱ መኪና ለምኜ ኮን ከተማ ሄድኩና ጥሪያችንን ወደ ደሴ ከሚያገናኘው ከስልከኛው ከደርሶ አጠገብ ተቀመጥኩ። መምሬ ከላሊበላ ደወሉ። ድምፃቸው ጆሮው ሲገባ ደርሶ ብድግ ብሎ እጅ ነሳ። የማዳመጫው አጭር ገመድም የመስመሩን መሰኪያ ነቅሎ ይዞት ተነሳ፤ ጥሪው ተቋረጠ።

«ተቀምጠህ ስማቸው እንጂ» አልኩት።

«ቄስ ሲናገሩ ተቀምጬ? ምን ያሳደገው ልባል?»

ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምን ክርክር አለ? ገመዱን አስረዘምንለት። ካድሬው ግን «አድኃሪያኑ እኔን ፈርተው ነው የተዉት» ይላል።

መምሬ ልጃቸው በሰላም መገላገሏን ሲሰሙ ደርሶ ጎንበስ ቀና ይል ነበር፤ መስመሩ ግን ንቅንቅ አላለም።