በፎገራ ሜዳ አውሮፕላን ለሚጠብቁ መንገደኞች

አውሮፕላን በሚያርፍበት አገር የመንገደኛን ሥርዓት ማስተማር ቀላል ነው፤ አውሮፕላኑ ራሱ ያስተምራል። ትልቁ ጥበብ አውሮፕላን በሌለበት ማስተማር ነው። በዚህ ጥበብ በአብዮቱ ዘመን ወረታን የሚስተካከል ከተማ እንዳልነበረ መመስከር የሚያኮራ ግዴታ ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ እናቀርባለን።

ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገን አንድ ጽሕፈት ቤት፣ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲያዘጋጅ ከበላይ አካል የተላለፈለትን ትእዛዝ በታላቅ የትግል ስሜት ተቀበለ። ኃላፊው ጓድ አያልነህ የአገሩ ተወላጅ ስለነበሩ ቦታ ለመምረጥ አልተቸገሩም፤ ከፎገራ ሜዳ ሁሉ ደልዳላ የሆነውን ጨፌ መረጡ። ጨፌው እንዲህ የደለደለው በየክረምቱ ውሃ ስለሚተኛበት መሆኑን ጓድ አያልነህ ያውቁ ነበር። የኮሚቴው አባላትም ያውቁ ነበር፤ በልጅነታቸው ዋና የተማሩት እዚያው ላይ ነው። ነገር ግን ስብሰባው የተጠራው በጥር ነው። በጥር ስብሰባ የነሐሴን ውሃ ማንሣት ከአጀንዳ መውጣት ነው፤ ከአጀንዳ የወጣ ሰው የት እንደሚገባ ደግሞ በዚያ ዘመን የሚጠይቅ አልነበረም። ውሳኔው በሙሉ ድምፅና በጭብጨባ ጸደቀ።

ሥራው በዘመቻ ተከናወነ። ኩይሳው ተናደ፣ ዙሪያው በእሾህ ታጠረ፣ ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ግራና ቀኝ ተደረደሩ። በረጅም ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ የጨርቅ ከረጢት ተሰቀለ። ባለቆርቆሮ መጠበቂያ ቤትም ከነአግዳሚ ወንበሩ ቆመ። የጎደለው አውሮፕላን ብቻ ነበር። አንድ ነገር ጎደለ ተብሎ ሥራ ስለማይቆም፣ ጓድ አያልነህ የመንገደኞች መመሪያ አዘጋጅተው በብዛት አባዙ።

መመሪያው ዛሬም ቢነበብ የሚያስተምር ነው። «መንገደኛ የሆነ ሁሉ አስቀድሞ በሜዳው ይገኝ» ይላል። «አውሮፕላኑ እስኪመጣ ከሜዳው አይውጣ። ንብረቱን ከዐይኑ አያርቅ። ከመንገደኛ በስተቀር ማንም ወደ ሜዳው አይግባ።» በበረራ ላይ ስለሚኖረው ጠባይም አልዘነጋም፤ መስኮት መክፈትንና በየመንደሩ ራስ ላይ «ወራጅ አለ» እያሉ አብራሪውን ማስቸገርን ይከለክላል። ለአብራሪው ጠላ ማቅረብም ክልክል ነው፤ ይህ የኮሚቴው ተግባር ነውና። ለምን አውሮፕላኑ ሳይታይ ተቸኮለ የሚል ቢኖር፣ አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ብለዋል። ስለ እርጥቡ ኋላ እንመለስበታለን።

ግንቦት ሲገባ የሌላው ግጦሽ ሁሉ ተልጦ አለቀ። አጥሩ ውስጥ ያለው የጨፌው ሣር ግን የሚነካው አጥቶ እስከ ጉልበት ደረሰ። ይህን ጊዜ ወይዘሮ አልጣሽ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጡ። ባል የሞተባቸው ናቸው፤ ሀብታቸው አንዲት ላም ናት፤ ላሟም ልትወልድ ተቃርባለች።

«ጌታው፣ ላሜ ከተኛች መነሣት እያቃታት ነው። እንዲህ እንዳለች ብትወልድ እሷም ጥጃዋም አይተርፉልኝም። ከአጥሩ ጥግ ትንሽ ትጋጥ ብዬ ነው።»

«ጓዲት አልጣሽ፣ ሜዳው ለመንገደኛ ነው» አሉ ጓድ አያልነህ።

«መንገደኛው ሣር ይበላል?»

«አይበላም።»

«ታዲያ ለማን ነው የምትቆጥቡት?»

ጓድ አያልነህ ከሕዝብ የሚመጣን ጥያቄ የሚንቁ ሰው አልነበሩም። «ጥያቄዎ ገንቢ ነው፤ በጽሑፍ ያቅርቡት» አሉ።

«መጻፍ መች አውቄ።»

«እንግዲያውስ መሠረተ ትምህርት ይግቡ።»

ወይዘሮ አልጣሽ የተባሉትን ፈጸሙ። በዚያ ሰሞን የንባብ መጽሐፍ አልቆ ስለነበር፣ በየጥጉ የተከመረው የመንገደኞች መመሪያ በምትኩ እንዲነበብ ታዝዟል። አስተማሪው መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ነበሩ፤ ከደብራቸው ተጠርተው ፊደል እንዲያስቆጥሩ የተመደቡ ሊቅ። መሪጌታ ደግሞ ንባብን ያለ ትርጓሜ ማሳለፍ አልለመደባቸውም።

«"አስቀድሞ ይገኝ" አለ» ሲሉ ጀመሩ። «ምን ያህል አስቀድሞ? አልወሰነም። እሱ ያልወሰነውን እኛ አንወስንም። አንድም፣ የመምጫው ቀን ስላልታወቀ ዛሬ የተገኘም አስቀድሟል፣ ከርሞ የተገኘም አስቀድሟል። "ንብረቱን ከዐይኑ አያርቅ" አለ። ንብረት ምንድን ነው?»

«ሻንጣ» አለ ደሳለው። ደሳለው የሜዳው ዘብ ነው፤ ፊደል የሚቆጥረውም ከጥበቃው በተረፈው ሰዓት ነው።

«ሻንጣ ያለው እጁን ያውጣ።» እጁን ያወጣ አልነበረም። «እንግዲህ የሌለንን ከዐይናችሁ አታርቁ ሊለን አይችልም» አሉ መሪጌታ። «ያለንን ነው።»

ወይዘሮ አልጣሽ አንቀጹን በጣታቸው እየተከተሉ መሪጌታ እንዳነበቡት ደገሙት። በማግስቱ ጧት ላማቸውን ከኋላ እየደገፉ የሜዳው በር ላይ ደረሱ።

«ወዴት ነው፣ እትየ አልጣሽ?» አለ ደሳለው።

«ጎንደር።»

«ላሟስ?»

«ንብረቴ ናት።»

«ላም አውሮፕላን ላይ ትወጣለች?»

«እሱን ሲመጣ እንጠይቀዋለን። የሚመጣ ነው አይደል?»

ደሳለው ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ከሥልጣኑ በላይ መሆኑን ስለተረዳ ወደ ጓድ አያልነህ ሮጠ። ጓድ አያልነህ ረጅም ጊዜ አሰቡ። ሴትዮዋን ለመመለስ አውሮፕላን አይመጣም ማለት ያስፈልጋል፤ አውሮፕላን አይመጣም ማለት ደግሞ የበላይ አካልን ዕቅድ መጠራጠር ነው። በሌላ በኩል፣ ለበላይ አካል በሚላከው ሪፖርት ላይ «የተስተናገዱ መንገደኞች» የሚለው ቦታ ሜዳው ከተመረቀ ጀምሮ ባዶውን ነበር።

«ይግቡ» አሉ፤ «መንገደኛ ናቸው።»

ላሟ ሣሩ መካከል ገብታ አፏን ስትነክር ወይዘሮ አልጣሽ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው በሥርዓት ሰማይ ሰማይ ይመለከቱ ጀመር።

ሳምንት ሳይሞላ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ጎንደር የሚያደርስ ጉዳይ እንዳለው ትዝ አለው። እያንዳንዱም ንብረቱን እየነዳ መጣ። የዓለም አውሮፕላን ማረፊያዎች ሁሉ ሊቀኑበት የሚገባ ሥርዓት እዚህ ሰፈነ። በረራ ዘገየ ብሎ የተቆጣ መንገደኛ አልነበረም፤ እንዲያውም አውሮፕላኑ እንዳይቸኩል የተሳሉ ነበሩ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ኖራ በተቀቡት ድንጋዮች መካከል የወይዘሮ አልጣሽ ላም ወለደች፤ እናትና ጥጃ ደኅና ሆኑ። ማረፊያው የተቀበለው የመጀመሪያ ገቢ ይህች ጥጃ ናት።

ሪፖርቱ የተላከለት የበላይ አካል፣ ይህን ያህል መንገደኛ ሜዳ ላይ ማዋል ተገቢ ስላልመሰለው ከባድ ውሳኔ ወሰነ። በሰኔ መጀመሪያ ላይ አውሮፕላን ላከ።

ዜናው ሲደርስ ጓድ አያልነህ ወደ ሜዳው እየሮጡ ገቡ። «ልቀቁ! ከብቶቹን አውጡ፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ነው!»

«ጌታው፣ ስንጠብቅ ከርመን ሲመጣ እንውጣ?» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ ከወንበራቸው ሳይነሡ። «መመሪያው እኮ እስኪመጣ አትውጡ ነው የሚለው።»

«መጣ አልኩ እኮ!»

«እንግዲያውስ መሳፈራችን ነዋ።»

አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ሜዳውን ሲዞር ከብቱ ሁሉ ጭራውን ሰቅሎ ፈረጠጠ። የእንኳን ደኅና መጣችሁ ጽሑፍ የተንጠለጠለበት የሜዳው በር በቀንድ ተነሥቶ ሄደ። ለአብራሪው የተዘጋጀው ጠላ ከነጋኑ ተደፋ። ሴቶቹ እልል አሉ። አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ ደግሞ ዞረና መንገዱን ቀጠለ። ከብቱ ወደ ሣሩ ተመለሰ። ብዙ ሳይቆይ ዝናቡ ጠነከረ፣ ዳገቱ ሁሉ ለመለመ፤ መንገደኞቹም የጎንደር ጉዳያቸውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፈው ላምና ጥጃቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ገቡ።

በነሐሴ ጓድ አያልነህ ስለ ጉዳዩ ማብራሪያ ይዘው በአስቸኳይ ጎንደር እንዲቀርቡ ተጠሩ። በወቅቱ የርብ ወንዝ ሞልቶ አውራ ጎዳናውን ቆርጦት ነበር። ጨፌውም የጥር ስብሰባውን ውሳኔ ሳያከብር ውሃ ለብሷል። አግዳሚው ወንበር ቀድሞ ተሳፍሮ ሄዷል፤ ከማረፊያው ሁሉ የሚታየው የባሕር ዛፉ እንጨት ከነከረጢቱ ነው። እሱ ላይ የደንገል ታንኳ ታስሯል። ቀዛፊው የወይዘሮ አልጣሽ ዋርሳ፣ የሟች ባላቸው ወንድም ማረው ነው። ወይዘሮ አልጣሽም ደረቁ ጉብታ ላይ ጥጃቸውን ያስግጣሉ።

«ማረው፣ ቶሎ አሻግረኝ። በበላይ አካል እጠበቃለሁ» አሉ ጓድ አያልነህ የቆዳ ሻንጣቸውን ይዘው።

ማረው ቀና ብሎ ወደ ከረጢቱ ተመለከተ። ከረጢቱ ከተሰቀለ ጀምሮ ሰው ለሥራ ሲመለከተው ይህ መጀመሪያው ነው። «ነፋስ ነው፣ ጓድ። አይቻልም» አለ።

«መቼ ይቆማል?»

የመለሱላቸው ወይዘሮ አልጣሽ ናቸው። «እሱን መመሪያው አልወሰነም፣ ጌታው። አስቀድመው መገኘትዎ ግን ደግ አድርገዋል።»

ጓድ አያልነህ ሻንጣቸውን አጠገባቸው አኑረው ጉብታው ላይ ተቀመጡ። ፎገራ ያፈራቻቸው የመጀመሪያው እውነተኛ መንገደኛ ናቸውና፣ በሥርዓት ሰማይ ሰማይ ይመለከቱ ጀመር። ይህን ጊዜ ጥጃዋ ቀስ ብላ ተጠጋች፤ ከሻንጣው አፍ ብቅ ያለውን የማብራሪያውን ጫፍ ሳብ አድርጋ ማኘክ ጀመረች።

«ጌታው» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ በአክብሮት፣ «ንብረትዎን ከዐይንዎ አያርቁ።»