ዳንቴል የለበሰው ባትሪ

ሁሉን የሚጠረጥር ጎረቤት አላችሁ? እኔ ቂርቆስ ውስጥ ግድግዳ የምጋራቸው አሉኝ፤ ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። መብራት ሲጠፋ ቤት የሚያበራ ባትሪ ከገዙ ወዲህማ፣ በቃ፣ ሻጩንም እኔንም ድመቴንም ይጠረጥራሉ። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ደግሞ ባትሪውን እንደ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አልብሰው የፕላስቲክ አበባ አስቀመጡበት። ባትሪ እንደ ሙሽራ ሲሞሸር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ የእሳቸው ሳሎን ብቻ ቦግ ብሎ ሳለ፣ የሚቃጠል ጎማ ሸተተን። ጋሽ ደምሴ በየደጁ እየዞሩ፣ "ማነው ጎማ የሚያቃጥልብኝ? ቀንታችሁ ነው!" ይላሉ። እኔ ሮጬ ገብቼ ዳንቴሉን ስገልጠው ባትሪው ሆዱ ተነፍቶ ይጨሳል። ሽቦውን ነቀልኩት።

"ጋሽ ደምሴ፣ መተንፈሻውን እኮ በዳንቴል ዘግታችሁበት ነው!"

ዳንቴሉን አዩ፤ እኔን አዩ።

"አንተ ከመግለጥህ በፊት መቼ ጨሰ?"

ሌላ ባትሪ ገዝተዋል። ዳንቴሉ ድርብ ሆኗል፤ እኔ እንዳልገልጠውም ዙሪያውን በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። አሁን መብራት ሲጠፋ እሳቸው በብርሃን እራታቸውን ይበላሉ፤ እኔ በጨለማ አፍንጫዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አሸታለሁ።