ዳምጠው ዝናብ ላይ ነው

መጽሐፍ ማሳተም እንደ መውለድ ነው የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። እነዚህ ሰዎች ወይ አልወለዱም፣ ወይ አላሳተሙም። ለወለደች ሴት ጎረቤቱ ገንፎ ሊበላ ይጎርፋል፤ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይላታል። ያሳተመች ሴት ግን ልጁን ራሷ በዘንቢል ተሸክማ፣ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ በር እያንኳኳች "ተወልዷል፣ ውሰዱልኝ" ማለት አለባት። ማርያም ትማራት አትማራት የሚጠይቅ የለም።

እኔ ደግሞ ያሳተምኩት በራሴ ነው። መጽሐፌ የፍቅር መጽሐፍ ነው፤ ያን ጊዜ፣ በአብዮቱ ዘመን፣ ደግሞ ፍቅር ሁሉ ለሰፊው ሕዝብ እንዲሆን ይፈለግ ነበር። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ለብቻቸው ሲዋደዱ ነገሩ የግል ይዞታ መሰለ መሰለኝ፣ "እናሳትምልሽ" የሚል ጠፋ። ረቂቁን የመረመረው ሰውዬ እንኳ ጨርሶ ከከደነው በኋላ "ትራክተር የለበትም" ብሎ አዝኖ ነው ያሳለፈልኝ። ይሁን። እኔ ጥሩ ጸሐፊ ነኝ። ይህን የምለው ልታይ ልታይ ለማለት አይደለም፤ ብታነቡኝ እናንተም የምትሉት ስለሆነ ጊዜያችሁን ልቆጥብ ብዬ ነው።

እናም ዐይኔን በጨው ታጥቤ ወጣሁ። ኬክ ቤት ስገባ ባንኮኒው ላይ ከኬኩ ጎን አስቀምጣለሁ። ፀጉር ቤት ስገባ መስታወቱ ሥር አስቀምጣለሁ። እንደ ቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ የሚሆን ገበያ ግን አላየሁም። ስኳር የሚጠብቅ ሰው ጊዜ አለው፤ አፉም መርሮታል። ለፍቅር መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ አንባቢ ከየት ይመጣል? በክረምቱ መጨረሻ እሪ በከንቱ ውስጥ መጽሐፌ ያልገባበት ቤት አልነበረም ማለት እችላለሁ፤ አንዱ የገዛውን አምስት ቤት እየተዋሰ።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ለሚቀጥለው ያስፈልጋችኋል። እልፍነሽ የምትባል ልጅ ዳምጠው ከሚባል የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ጋር ትዋደዳለች። በሠርጋቸው ቀን ዳምጠው ሳይመጣ ይቀራል። ዓመት ቆይቶ፣ ሐምሌ ላይ፣ ዶፍ ዝናብ እየወረደ መጥቶ በሯን ያንኳኳል። እልፍነሽ ትከፍታለች። ታየዋለች። ትዘጋዋለች። አለቀ። ዳምጠው ዝናቡ ላይ እንደ ቆመ መጽሐፉ ያልቃል።

ከዚህ ፍጻሜ ዛሬም አንዲት ፊደል አልቀንስም። የአራዳ ሰው ግን ለፍጻሜ ግድ የለውም። በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ባለፍኩ ቁጥር ከአንዱ ሱቅ በር ላይ "ኧረ እባክሽ ልጁን ከዝናብ አስገቢው!" የሚል ድምፅ ይወጣል። ሌላው ከማዶ ይቀበልና "የሳንባ ምች ሊገድለው ነው እኮ! ደሙ በእጅሽ!" ይላል። ቤት ለቤትም ነገሩ ጠና። ሚስቶች ሁሉ የእልፍነሽ ወገን ሆኑ፣ ባሎች ሁሉ የዳምጠው። ባል ትንሽ ሲያመሽ ሚስት "ዳምጠው መጣህ?" ብላ ትከፍትለታለች፤ አንዳንዷም አትከፍትለትም።

ያገሩን ሰው ሁሉ ያጣላ መጽሐፍ የጻፈች ሴት ምን ይጎድላታል ትሉ ይሆናል። አንድ አንባቢ ጎደለኝ። አባቴ።

አባባ ድልድዩ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነው። ድሮ ሱፍ ሰፊ ነበር፣ አብዮቱ ሲመጣ ካኪ ሰፊ ሆነ፤ ሜትሩ ግን ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። መጽሐፌ በወጣ ማግስት አንዱን ቅጂ ወስዶ ሱቁ ውስጥ አስቀመጠ፤ ለገባ ለወጣውም "የልጄ ነው። አንብቤ አልቅሻለሁ" ይል ጀመር። እኔ ግን አንድ ቀን ምሳ ላደርስለት ስገባ መጽሐፌን የት አየሁት መሰላችሁ? ሲቆርጥ ጨርቁ እንዳይንሸራተት ከላይ ጭኖበታል። ከመቀሱና ከማስመሪያው ሳሙና እኩል መሣሪያ ሆኗል። እማዬ እንኳ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረችው እማዬ፣ ቃሉን በጣቷ እየተከተለች ዳር አድርሳዋለች። እሱ፣ ጋዜጣ ከነማስታወቂያው የሚጨርሰው ሰውዬ፣ አልገለጠውም። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። መጽሐፉ ውስጥ አንድ መሳሳም አለ፤ የልጁን መሳሳም የሚያነብ አባት እሪ በከንቱ ውስጥ አልተፈጠረም። ማወቄ ግን ቅር ከማለት አላዳነኝም። አገር አንብቦኝ አባቴ ሳያነበኝ ቀረ።

ይኸውላችሁ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ግቢያችን ገቡ። ፊት ፊት የሚሄዱት ጋሽ ውብሸት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተርና የእድራችን ዳኛ። ከኋላቸው አንድ ቄስና አንድ የወንጌል አማኝ መምህር። እነዚህ ሁለቱ ለዓመታት ተከራክረው በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም። አንድ ላይ ሲመጡ ጉዳዩ ከባድ ነው ማለት ነው።

እማዬ በመስኮት አየቻቸውና እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች። እኔ ያን ጊዜ ሠላሳን ተሻግሬ ትንሽ ሄጃለሁ። "ተመስገን!" አለች እማዬ፤ "አንቺ ልጅ፣ ቶሎ በይ ጓዳ ግቢ!" ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ አትታይምና ገባሁ፤ ግን ጆሮዬን መጋረጃው ላይ፣ ዐይኔን ቀዳዳው ላይ ለጥፌ ነው።

"ግቡ፣ አረፍ በሉ" አለ አባባ፤ ድምፁ ተቀይሯል።

"አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ውብሸት። ደንቡ እንዲህ ነው፤ የመጡበት ካልተሰማ አይቀመጡም። "አቶ በላቸው፣ አንድ ልጅ አለን። ዳምጠው ይባላል። አጥፍቷል፤ አልካድንም። ግን ተጸጽቶ በር ላይ ቆሟል። ይቅር ተብሎ፣ ከልጅቷ ጋር ጎጆ እንዲወጣ ልንለምን ነው የመጣነው። የልጅቷ ነገር ደግሞ በዚህ ቤት እጅ ነው።"

መጋረጃው ጀርባ እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወተፍኩ። እማዬ "ዳምጠው" ሲባል ስትሰማ መጀመሪያ ፊቷ ወደቀ፤ ቀጥሎ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የሌለ አቧራ ትጠርግ ገባች። ለባሏ ግን አንዲት ቃል ትንፍሽ አላለችም። እንዲህ ያለች ሚስት ይስጣችሁ።

"ምን ጥፋት ነው ያጠፋው?" አለ አባባ።

"በሠርጉ ቀን ቀርቷል" አሉ ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው።

"በሠርጉ ቀን!" አባባ ከመቀመጫው ብድግ አለ። "የኔ ልጅ ልትዳር ነበር? መቼ? ማን ደግሶ? ለመሆኑ ይህ ሰው ሥራው ምንድን ነው?"

"ሹፌር ነው" አሉ መምህሩ፤ ግራ ገብቷቸዋል። "አውቶቡስ..."

"ሹፌር! ልጄን በሠርጓ ቀን ጥሏት የጠፋ ሹፌር በሬ ላይ ቆሟል ነው የምትሉኝ? የታለ? ልየው እስቲ!" ብሎ መቀሱን ይፈልግ ጀመር።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ጋሽ ውብሸት ቀስ ብለው፣ እንደ ፈታኝ መነጽራቸውን ወደ ታች አድርገው አዩት። "አቶ በላቸው፣ ዳምጠውን አያውቁትም እንዴ? 'አንብቤ አልቅሻለሁ' ብለውኝ አልነበር?"

 እማዬ እንኳ መጥረጓን አቆመች። እኔ ልስቅ የወተፍኩትን ነጠላ አወጣሁት፤ ሳቁ ሄዶብኛል። አባቴ በሦስት ሽማግሌ ፊት ተጋልጦ ቆሟል፤ ያጋለጠውም መጽሐፌ ነው። መጋረጃውን ገልጬ "ተዉት" ልል ፈለግሁ።

ግን የአራዳ ልጅ መውጫ አያጣም። አባባ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ ኮቱን አስተካከለ።

"አውቀዋለሁ" አለ። "በሚገባ አውቀዋለሁ። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጉዳይ በአንድ ቀን አይመለስም። ዘመድ እንማከር። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።"

ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የተባለ ሽማግሌ ክብሩ የተነካ ይመስለዋል፤ ቀጠሮ ግን ማዕረግ ነው። እየተመራረቁ ወጡ። ጋሽ ውብሸት በር ላይ ወደ መጋረጃው ዘንበል ብለው "ልጄ፣ ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ ሚስቴ አላናግርህ ካለችኝ ሰነበተች" አሉኝ።

ያ ሁለት ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። አባባ መጽሐፌን ከጨርቁ ላይ አነሣው። ጋዜጣ ውስጥ ከትቶ፣ የሱቁን አንዱን መዝጊያ ገርበብ አድርጎ ያነባል። የቀበሌያችን ጓድ ሊቀመንበር ሱሪ አንድ እግሩ ተሰፍቶ አንዱ ቀረ፤ ጓድ ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለቴም "ክር ጠፍቷል" ተባሉ። እኔ እምለው፣ ረቂቄን ለምርመራ ሳስገባ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። መርማሪው ቢጥለኝ ጥፋቱ የሱ ነው። አባቴ ቢጥለኝስ? ማታ ራት ላይ ፊቱን አነባለሁ፤ ምንም አይልም። አንድ ምሳ ላይ ብቻ ጉርሻውን ካጋመሰ በኋላ "ሹፌሩ ውሸታም ነው" አለና መብላቱን ቀጠለ። የዚያን ቀን ደስታዬን ምን ልበላችሁ! አነበበኝ! ቁጭ ብሎ አነበበኝ!

ቀጠሮው ደረሰ። አባባ የደጉን ዘመን ሱፍ ለብሶ ጠበቃቸው። እኔንም ከጓዳ አስወጥቶ ወንበር ሰጠኝ፤ ይህ እንኳ ከደንብ ውጭ ነው።

"መጽሐፉን አንብቤዋለሁ" ብሎ ጀመረ።

"ድሮም አንብበውታል" አሉ ጋሽ ውብሸት በጨዋ ደንብ።

"አሁን ደግሞ አንብቤዋለሁ። አንዷን ገጽ ዘልዬ።" ወደ ጣሪያው አየና ቀጠለ። "እናንተ ልጅቷን ልትለምኑ መጣችሁ። ልጅ የሚለመነው ከአባቷ ነው። ይህች ልጅ ግን አባት የላትም። መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ሞቷል። በሁለት መስመር! በሽታው ምን እንደሆነ እንኳ አልተጻፈለትም፤ ማን እንደቀበረው አይታወቅ፣ እድርም አልወጣለት።" ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። "ትርሲት፣ ምን አደረገሽ?"

አያችሁ፣ ስለ ፍጻሜው ለሚመጣብኝ ሁሉ መልስ ነበረኝ። ለዚህ ግን አልነበረኝም። የፍቅር መጽሐፍ የጻፈ ሁሉ የሚያውቀውን እንዴት ልንገረው? አባት ካለ ልጅቷ ከመሸ አትወጣም፤ ካልወጣች ሹፌር አታገኝም፤ ሹፌር ካላገኘች መጽሐፍ የለም። ሰውዬውን የገደልኩት መንገድ ስለዘጋብኝ ነው። 

"አባት ቢኖራት ኖሮ" አለ አባባ፣ "በሠርጓ ቀን ያንን በር ብቻዋን ቆማ አታይም ነበር። አጠገቧ የሚቆም ሰው ይኖራት ነበር። ያለቀስኩት እዚያ ላይ ነው።"

እኔም ያለቀስኩት እዚያ ላይ ነው፤ ሽማግሌ ፊት፣ ያለ ምንም ኀፍረት። እማዬ ነጠላዋን ሰጠችኝ።

"ስለዚህ" አለ አባባ ሱፉን ጎተት አድርጎ፣ "መልሴ ይኸው። መጀመሪያ አባትየው ይነሣ። ከዚያ ወጉ በወጉ ይሁን።"

ሽማግሌዎቹ ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩ። ቄሱም መምህሩም "ፍርዱ ትክክል ነው" አሉ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ተስማሙ። እማዬ ምግብ እያቀረበች "ለወረቀት ልጅ ሁለቴ ሽማግሌ ተላከ፤ የኔይቱ ተቀምጣለች" ስትል ሁሉም ሰማ፤ ሁሉም ሳህኑን አየ።

ሁለተኛውን መጽሐፍ ጻፍኩ። አባትየውን አስነሣሁት፤ ሞተ የተባለው በስሕተት ነው፣ አገር ቤት ሰንብቶ መጣ አልኩ። በፍቅር መጽሐፍ ይህ ይፈቀዳል። እንጨት ነጋዴ ላደርገው ነበር፤ አባባ "ልብስ ሰፊ ቢሆን ምን ይለዋል?" ስላለ ልብስ ሰፊ ሆነ። ምዕራፍ በጨረስኩ ቁጥር ሱቅ አደርስለታለሁ፤ መሳሳም ያለበትን ገጽ አጥፌ ምልክት አደርግለታለሁ። ሽማግሌ ወደ አባትየው የሚላክበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ፣ ሰዎቹ ለመኑ፣ አባትየው እሺ አለ። አባባ ወረቀቱን መለሰልኝ።

"ቶሎ ሰጠ" አለ። "ለአንድ ልጁ? ቀጠሮ ይስጥ እንጂ።"

ቀጠሮ እንዲሰጥ አደረግሁ። እንደገና መለሰልኝ። "አንዴ ብቻ?" አለ። ትንሽ አሰብ አደረገና ደግሞ "ዳምጠውም ቢሆን የሰው ልጅ ነው፤ ሽማግሌው እስኪመለስ ጃንጥላ ይስጡት" አለ።

ስለዚህ ሁለተኛው መጽሐፍ እንዲህ አለቀ፦ ዳምጠው አሁንም ውጭ ነው፤ ግን በእልፍነሽ አባት ጃንጥላ ሥር። ፍጻሜዬ አልተነካም፤ አንድ ጃንጥላ ብቻ ተጨመረበት። ጃንጥላው ደግሞ፣ ለማመን ቢከብደኝም፣ አሳምሮታል። ጋሽ ውብሸትን እንኳ ሚስታቸው "ቢያንስ አይረጥብም" ብላ አናግራቸዋለች አሉ።

በድልድዩ ሳልፍ ግን ዛሬም "ኧረ ልጁን አስገቢው!" ይሉኛል። እኔም ዘንቢሌን ከፍ አድርጌ "ምን አገባኝ፣ አባቷን ጠይቁ!" እላቸዋለሁ። ነገሩ ለቀልድ ነበር፤ ሰዎቹ ግን የምራቸውን ይሄዳሉ። አባባም ሜትሩን ካንገቱ ሳያወርድ፣ ከካኪው ላይ ቀና ብሎ፣ በቁም ነገር ያዳምጣቸውና "ዘመድ እንማከር። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ" ይላቸዋል።