የልጄ መቀመጫ ሐኪሞች

ሕፃን ሊጠይቅ መጥቶ መድኃኒት ሳያዝ የሄደ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ አንድ ሰው ብቻ አይቻለሁ።

የሦስት ወር ልጃችን መቀመጫዋ በሽፍታ ቀላ፤ የሽንት ጨርቋ በረጠበ ቁጥር ታለቅስ ጀመር። ወሬው ብሎኩን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ከላይ ያሉት እማማ «ቅቤ ቀቧት» አሉ። ከታች ያለው ባለሱቅ «የበቆሎ ዱቄት ነስንሱባት» አለ። ሁለቱንም አደረግን። ቅቤና ዱቄት ከተገናኙ ልጄ ገንፎ ለመሆን ምን ቀራት? ዘበኛችን እንኳ «ትንሽ ላስብበት» ብለውኛል።

ጎረቤታችን ነርሷ ትርሲት ግን ልጅቷን አየችና ምንም አላዘዘችም። በረንዳ ላይ ከተሰጣው የሽንት ጨርቅ አንዱን አውርዳ ንጹሕ ውኃ ውስጥ አሸችው። ውኃው አረፋ ሆነ።

«ይሄን ማነው የሚያጥበው?»

እኔ ነኝ። በበረኪና ነጭ አድርጌው ብሎኩ ሁሉ የሚያደንቅልኝ ጨርቅ ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ግን የማለቀልቀው አንዴ ብቻ ነው።

«ሳሙናው እስኪለቅ አለቅልቀው፤ በረኪናውን ተወው። ስትሸና ቶሎ ቀይርላት፤ ቀን ቀን ደግሞ ትንሽ ሳትታሰር ትቆይ።»

«ቅባትስ?»

«መጀመሪያ በደንብ እጠብ።»

በአራተኛው ቀን ልጄ ሸንታ ሳቀች። ትናንት ታዲያ ሁለተኛ ፎቅ የተወለደ ሕፃን ልንጠይቅ ሄድን። ገና ሳልቀመጥ «ጨርቁን ማነው የሚያጥበው?» አልኳቸው።

ሕፃኑ የሚያደርገው የሱቅ ዳይፐር ነው።