ልጅ ይዘሽ ነይ

ሌሊት በሕልሜ፣ ደግ ያድርግልኝና፣ የልጄ የናርዶስ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ዩኒፎርም ለብሻለሁ፤ ቀሚሱ ጉልበቴን እንኳ አልሸፈነልኝም። ዘበኛው ፍየል ነው። ኮፍያውን ቀና አድርጎ ከላይ እስከ ታች ገረመመኝና፦

«ሰው ተጣልተሻል። ልጅ ይዘሽ ካልመጣሽ አትገቢም» አለኝ።

የተጣላሁት ከጎረቤቴ ከዘርፌ ጋር ነው። የእሷ ልጅ ሕሊና የናርዶስን የእርሳስ መቅረጫ ሰበረች። እኔ አንድ ብናገር እሷ ሁለት መለሰችልኝ፤ በዚያው ተዘጋጋን። ልጆቹንም እንዳይነጋገሩ ከለከልናቸው። ምን ይደረግ፣ እልህ ነዋ።

ናርዶስን አስጠራሁ። የእኔን የእጅ ቦርሳ አንጠልጥላ፣ ከሥራ አስፈቀድሽኝ እያለች፣ እየተነጫነጨች መጣች። ክፍል ስንገባ ወላጅ ሁሉ ትንንሽ ወንበር ላይ ተቀርቅሯል። አንድ ባለ ከረባት አባት ቆነጠጠኝ ብሎ ይነፋረቃል። ጠመኔው አስተማሪውን ይዞ ሰሌዳው ላይ ይጽፍበታል።

ዳይሬክተሯ ሕሊና ነበረች፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ዘርፌን አምጥታ አጠገቤ ሻጠቻትና፣ ደወል ሳይደወል ካልታረቃችሁ ሁለታችሁም አንደኛ ክፍልን ትደግማላችሁ አለችን። ሦስት ልጅ ወልጄ ፊደል ልቆጥር ነው?

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ላስረዳ አፌን ስከፍት የእርሳስ ፍቅፋቂ ረገፈ። ዘርፌም ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች፤ ከእሷማ የባሰ ጎረፈ። ተራ በተራ ስንከራከር ፍቅፋቂው ጉልበታችን ደረሰ። ናርዶስ ሰዓቷን እያየች፣ ስብሰባ አለብኝ፣ ቶሎ ጨርሱ ትለናለች።

ዘርፌ አፍንጫዋ ላይ ፍቅፋቂ ተለጥፎ ሳየው ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች። እውነቱን ልናገር፣ ያ ሳቋ እንዴት ናፍቆኝ ነበር።

«እንጫወት?» አለችኝ ቀስ ብላ።

እሺ ልላት ስል ፍየሉ ገብቶ ደወሉን በላው። ነቃሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከመስኮቱ ሥር ሁለት ልጆች ይንሾካሾካሉ፤ ናርዶስና ሕሊና ናቸው። ሕሊና ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ናርዶስ አፏን ያፈነቻት መሰለኝ።

«ዝም በይ» አለቻት፣ «እማዬ ከነቃች እኮ ተጣልተናል።»

ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ።