ጠላ የሆነው የአያ ይመር አደራ

ማስቀመጥ የሚሉት ነገር ዘንድሮ መልኩ በዛ። የልጅ ልጄ ብሯን ባንክ አስቀምጣ ትመጣለች፤ እሷ ያስቀመጠችውን ሌላው ተበድሮ ሚኒባስ ይገዛበታል፣ እሷም ደስ ይላታል። ቤት አከራዩ ቀብድ ይላል። ቢራ ሻጩ ለባዶ ጠርሙስ ማስያዣ ይቀበላል። እኛ መካነ ሰላሞች ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አደራ ነበረን። ደረሰኝ የለው፣ ወለድ የለው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ባንክ ቢከስር ከሰረ ነው የሚባለው፤ አደራ የበላ ግን እስከ ሰባት ቤት ይታማል። በዚህ በኩል የኔ ስም እንደ ነጠላዬ ነው፤ ጉድፍ አታገኙበትም። አታገኙበትም ነበር ልበላችሁ።

አያ ይመር ጎረቤቴ ናቸው። እኔ በማርያም ስምል እሳቸው ወላሂ እያሉ አብረን አረጀን። ባለፈው በጋ ዓይናቸውን ሊታከሙ ደሴ ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ፣ ቤቴ ሰው የለም፣ አይጥ ይጨርሰዋል ብለው የዘር ገብሳቸውን በስልቻ አስረው ሰጡኝ። ዘር እንደ ሌላው እህል እንዳይመስላችሁ። ፍሬው የሞላው ተለቅሞ፣ ቢርብም ላይነካ የሚቀመጥ ነው። ኮራሁ።

የሰኔ ሚካኤል ማኅበር ተራዬ ደረሰ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቤቱን የአሻሮ ሽታ ሞልቶታል። ምራቴ ለጠላው ገብስ ቆልታለች። ጎበዝ ናት፣ ሳይነግሯት ትሠራለች፤ ጣጣዋም ይኸው ነው። ጎተራ ከመክፈት ስልቻ መፍታት ይቀላል። ስልቻው ባዶ! የተቆላ ዘር ደግሞ አይበቅልም። አያ ይመር ጠላ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ ገብሳቸው ግን ሚካኤልን ሊዘክር ጋን ሊገባ ነው። ልጮህባት ሲገባኝ ባዶውን ስልቻ አጥፌ አልጋ ሥር ደበቅሁት። ይህ በኔ ደርሶ አያውቅም፣ ጎረቤት ይጠየቅ።

ማኅበርተኛው ጠጥቶ፣ ዘንድሮስ ጠላሽ ለየት ብሏል አለ። እንዴት አይለይ!

ማኅበሩ በተበተነ ሰሞን አያ ይመር ዓይናቸው በርቶ መጡ። ዝናቡ ጥሏል፣ ሰዉ ጠምዷል። ስልቻዬን ሳይሉኝ ቀድሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የራሴንም ገብስ ሞልቼ ፊታቸው አቆምኩ። ነቀዝ የጎበኘው ነው፣ ለዘር እንደማይሆን ሁለታችንም እናውቃለን። በዚያ በዳነ ዓይናቸው አንዴ እኔን፣ አንዴ ስልቻውን አዩ። ማሳቸው ባዶውን ሲከርም ታየኝ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«አብሽሪ እቴ። ዘር በአንድ ቤት ይቀመጣል እንዴ? ከፊሉ አቀስታ አማቼ ዘንድ ነው፣ ከፊሉ አስካለ ቤት። ለማሳዬ ይበቃል። የጠላው ኃጢአት ግን ያንቺ ነው።»

እፎይ አልኩ። ገብሱ ከተቆላበት ቀን ጀምሮ የያዘኝ የወገብ ውጋት እንኳ እዚያው ለቀቀኝ።

ከወጡ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። አስካለ? የሰፈራችን አስካለ እኮ ጠዋት የነገሯትን ከሰዓት ገበያ የምታወጣ ናት። እኔና አስካለ በአንድ ሚዛን! አኮረፍኩ፤ ሰላምታቸውን እንኳ በግማሽ አፌ ነበር የምመልሰው። በሐምሌ ገብሱ ማሳቸው ላይ ብቅ ብሎ አረንጓዴ ሲሆን ሳየው ኩርፊያዬ በረደ። እንኳንም እኔን ብቻ አላመኑ። አምነውኝ ቢሆን ኖሮ ማሳቸው ዘንድሮ ጦሙን ያድር ነበር።